«ሃያ ቶን የት ይሄዳል?»፦ ከክረምት በኋላ ከባድ ማሽን በሎቤድ ስለ ማጓጓዝ

(ለሎቤድ ሾፌሮች፣ ረዳቶች፣ ኦፕሬተሮችና የማሽን ባለቤቶች በአንድ ምሽት የቀረበ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ሾፌር፣ ረዳት፣ ኦፕሬተርና የማሽን ባለቤት በአንድ አዳራሽ ተቀምጠው ማየት ብርቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ አራቱ የሚገናኙት ማሽን ከወደቀ በኋላ፣ ያውም ትራፊክ ፖሊስ ባለበት ነው።

ርእሴ ጠባብ ነው። ስለ ነዳጅ፣ ስለ ጎማ ዋጋ፣ ስለ ኬላ አልናገርም። የምናገረው አንድ ማሽን ሎቤድ ላይ፣ ማለትም ከባድ ማሽን በሚጫንበት ወለሉ ዝቅ ያለ ተሳቢ ላይ፣ ከወጣበት ሰዓት አንስቶ እስኪወርድ ድረስ በቦታው ስለሚያቆየው ነገር ብቻ ነው። ወቅቱም ይህንኑ ይጠይቃል። መስቀል ሲያልፍ፣ ክረምቱን ሙሉ ጭቃ ይዟቸው የቆሙ ማሽኖች ሁሉ በአንድ ጊዜ መንገድ ይወጣሉ። ኮንትራክተሩ መሬቱ እስኪጠነክርለት ሲጠብቅ የከረመውን ሥራ በጥቅምት አንድ ወር መጨረስ ይፈልጋል። በአርሲና በባሌ ደግሞ ስንዴው ሲደርስ ኮምባይነር ይፈለጋል። የሎቤድ ገበያ ይደራል፤ ገበያ ሲደራ ይቸኮላል፤ ሲቸኮል ከሁሉ አስቀድሞ የሚቀነሰው ሰንሰለት ነው። በአራት ይታሰር የነበረው በሁለት ታስሮ «ቅርብ ነው» ይባላል።

ከ«ቅርብ ነው» ቀጥሎ የሚመጣውንም ታውቁታላችሁ፦ «ሃያ ቶን የት ይሄዳል?» ይህን የሚሉት ጀማሪዎች ቢሆኑ ኖሮ ለዛሬ ምሽት ርእስ ባላደረግሁት ነበር። የሚሉት ዕድሜያቸውን መሪ ላይ የጨረሱ፣ እጃቸውን የምናከብርላቸው ሰዎች ናቸው። የሚሳሳቱት ክብደትን እንደ ማሰሪያ በመቁጠራቸው ነው። ክብደት ማሽኑን ወደ ታች ይጫነዋል እንጂ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላና ወደ ጎን ከመሄድ አያግደውም። ያንን የሚያግደው ከሥሩ ያለው ሰበቃ ነው፤ ሰበቃው ደግሞ ከሚገመተው በጣም ያንሳል።

እስቲ እናስላው። ከዚያ በፊት ግራ እንዳንጋባ፣ ማሽኑ የሚሄድበትን ቼይን፣ እኛ የምናስርበትን ሰንሰለት እላለሁ። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ ፍሬኑ የሚያቆመው ሎቤዱን ነው። ማሽኑ የሚያቆመው ነገር እስኪያገኝ ድረስ በነበረበት ፍጥነት መሄዱን ይቀጥላል። በአውሮፓም ሆነ በአሜሪካ የጭነት አስተሳሰር ደንብ የቆመው፣ በድንገተኛ ፍሬን ጊዜ ጭነቱ የክብደቱን 80 በመቶ በሚያህል ኃይል ወደ ፊት ይገፋል በሚል ስሌት ላይ ነው። ወደ ኋላና ወደ ጎን ደግሞ 50 በመቶ ይያዝለታል። ስለዚህ 20 ቶን የሚመዝን ኤክስካቫተር በ16 ቶን ኃይል ወደ ሾፌሩ ጀርባ ይመጣል ማለት ነው። ንጹሕና ደረቅ ብረት በብረት ላይ ሲያርፍ የሚገኘው ሰበቃ ከክብደቱ ከ10 እስከ 20 በመቶ ቢሆን ነው፤ በ20 ቶን ላይ ከ2 እስከ 4 ቶን መሆኑ ነው። ከ16ቱ ላይ 4ቱን ቀንሱ፤ 12 ቶን ይተርፋል። ያንን 12 ቶን የሚይዘው ወይ ሰንሰለት ነው፣ ወይ የሎቤዱ አንገት ነው፣ ወይ ጋቢናው ነው።

ይህ ሁሉ በደረቁ ነው። አሁን ጭቃውን ጨምሩበት። ክረምቱን ጥቁር አፈር ላይ የቆመ ዶዘር በቼይኑ ውስጥ የያዘውን ጭቃ አይታችሁታል፤ ተጠቅጥቆ፣ ከላይ ደርቆ ከውስጥ እርጥብ እንደሆነ ይቀመጣል። ማሽኑ ሎቤድ ላይ ሲወጣ በብረትና በብረት መካከል የሚገባው እሱ ነው፤ ሥራውም የቅባት ሥራ ነው። ከሰዓት በኋላ ሲጫን የደረቀ የሚመስለው ጭቃ ሌሊት ጤዛ ሲወርድበት ይሟሟል። ደብረ ብርሃንን በመሰለ ደጋ ደግሞ ከኅዳር ጀምሮ ውርጭ አለ፤ ጠዋት የሎቤዱን ወለል በእጃችሁ ብትዳስሱት ነጭ ሆኖ ታገኙታላችሁ። ፀሐይ ሲጠነክር ደግሞ ጓሉ እየተፈነቀለ ከኋላ በሚከተለው ሚኒባስ መስታወት ላይ ይወርዳል። ስለዚህ ማሰር የሚጀመረው በአካፋ ነው። ከመጫኑ በፊት የቼይኑ ውስጥ፣ የባልዲው ሆድና የዶዘሩ ምላጭ ጀርባ ይጠረግ፤ ውኃ ካለ ይታጠብ። ኦፕሬተሩ «ሳይት ይጠብቀኛል» ሊላችሁ ይችላል። ይጠብቀው።

የሎቤዱም ወለል እንዲሁ ይጠረጋል፤ ዘይት፣ አሸዋ፣ ጠጠር አይቅርበት። ወለሉ እርቃኑን የቀረ ላሜራ ከሆነ ጠንካራ ጣውላ ይልበስ። ከዚህ የሚሻል ርካሽ መላም አለ፤ ከድንጋይ መፍጫ ክሬሸር ተፈትቶ የተጣለ ያረጀ የላስቲክ ቺንጋ ቆርጦ ቼይኑ ወይም የሮለሩ ከበሮ በሚያርፍበት ቦታ ማንጠፍ። ላስቲክ በመሐል ሲገባ ሰበቃው ከእጥፍ በላይ ያድጋል። ሮለርን ለይቼ የጠራሁት በምክንያት ነው። ለስላሳ የብረት ከበሮ በለስላሳ ላሜራ ላይ ከሁሉም ጭነት የከፋ ነው፤ ያውም ክብ ነው። መጠኑ ከኤክስካቫተር ስለሚያንስ ግን ሁሉም ይንቀዋል።

ወደ መጫኑ እንለፍ። ዶዘር መወጣጫውን ሲጨርስ የሚመጣ አንድ ቅጽበት አለ፤ ፊቱ ወደ ሰማይ ይቀናል፣ ኦፕሬተሩ ወለሉን አያየውም፣ ከዚያ ክብደቱ የመወጣጫውን ጫፍ እንዳለፈ መላ ማሽኑ ወደ ፊት ይደፋል። በዚያች ቅጽበት ነዳጅ የጨመረ ኦፕሬተር ወለሉን በምላጩ ይመታዋል፤ ባላንሱን ጠብቆ ትንፋሽ እንደሚይዝ ሰው የቆመ ኦፕሬተር ግን ማሽኑን እንደ እንቁላል ያስቀምጠዋል። ይህ እንዲሆን መሬቱ የተስተካከለ መሆን አለበት። ክረምት ያለፈበት የመንገድ ትከሻ ደግሞ ላዩ ደርቆ ውስጡ ቦካ ነው፤ የሎቤዱ አንድ ጎን ሲሰምጥ መወጣጫው ይዛነፋል። ምልክት የሚሰጠው አንድ ሰው ብቻ ይሁን። አምስት ሰው እጁን ሲያወዛውዝ ኦፕሬተሩ ያመነውን ይከተላል፤ ያመነው ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ትክክል አይደለም። ከመወጣጫው ግራና ቀኝ ማንም አይቁም።

ማሽኑ የሚቆምበት ቦታ በሎቤዱ ጎማዎችና ሎቤዱን በሚስበው መኪና፣ በጎታቹ፣ መካከል ክብደቱን የሚያካፍል ይሁን። ወደ ኋላ ከበዛ የጎታቹ መሪ ይቀላል፤ ወደ ፊት ከበዛ ሚዛን ላይ ትያዛላችሁ። ኤክስካቫተር ክብደቱ ከኋላው እንደሆነ አትርሱ። ቦታው ከተገኘ በኋላ ባልዲው፣ ምላጩ፣ ከዶዘሩ ኋላ ያለው መሬት ቀዳጅ ጥርስ (ሪፐሩ) ሁሉ ይወርድና ጣውላ ላይ ያርፋል። የሃይድሮሊኩ ግፊት ሞተሩ ከጠፋ በኋላ መሪዎቹን በማነቃነቅ ይለቀቅ። ይህን ካላደረጋችሁ ሌሊቱን ቡሙ፣ ባልዲውን የያዘው ረጅም ክንድ፣ በራሱ ጊዜ ትንሽ ዝቅ ይላል፤ ማታ አጥብቃችሁ የተዋችሁት ሰንሰለት ጠዋት ላልቶ ይገኛል።

ሎደር፣ ግሬደርና አንዳንድ ሮለር ወገባቸው ይታጠፋል። ወገቡን የሚቆልፍ ዘንግ ፋብሪካው አብሮ ሠርቶላቸዋል። በብዙዎቹ ማሽኖች ላይ ያ ዘንግ የለም፤ ጠፍቷል፤ በቦታው አርማታ ብረት ተሰክቷል፤ አንዳንዱ ላይ እሱም የለም። ወገቡ ያልተቆለፈ ሎደር በኩርባ ላይ እንደ እባብ ይጣጠፋል፤ አራት ሰንሰለት ቢኖረውም ሁለቱ ሲላሉ ሁለቱ ይበጠሳሉ። የማሽን ባለቤቶች፣ ይህቺ ዘንግ የናንተ ድርሻ ናት። ኤክስካቫተርም የላይኛው አካል እንዳይዞር መቆለፊያ አለው። የግሬደር ምላጭ በወርድ እንዳይወጣ ዞሮ ይግባ። ባለ ጎማ ማሽን ታኮ ከፊትና ከኋላ ይግባለት፤ ታኮው ራሱ ደግሞ እንዳይሸሽ ወለሉ ላይ በሚስማር ይመታ። ጎማው በአየር ላይ ስለቆመ በየጉድጓዱ ይጨመቃል፤ ሲጨመቅ ሰንሰለቱ ይላላል። ስለዚህ ባለ ጎማ ማሽን ከባለ ቼይኑ ይበልጥ ቶሎ ቶሎ ይታያል።

አሁን ወደ ሰንሰለቱ መጣሁ፤ ረዘም አድርጌ የምቆየውም እዚህ ነው። ሰንሰለት ውፍረቱን ብቻ አይቶ መግዛት ልማዳችን ነው። ሁለት 13 ሚሊ ሜትር ሰንሰለቶች ጎን ለጎን ብታስቀምጡ በዓይን አይለዩም። ቀለበቱን ግን አገላብጣችሁ ስታዩት በአንዱ ላይ 7 ወይም 70 የሚል ቁጥር ተቀርጾበታል፤ በሌላው ላይ ምንም የለም። ቁጥሩ ያለው ለመደበኛ ሥራ የተፈቀደለት ኃይል 5,130 ኪሎ ነው። ምልክት የሌለው ግን በአሜሪካው ደንብ በዝቅተኛው የጥንካሬ ደረጃ፣ በግሬድ 30 ይቆጠራል፤ የሚታመነውም ለ2,040 ኪሎ ብቻ ነው። በዚያ አገር ከባድ መኪና የሚነዱ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው፤ መንገድ ላይ የሚያስቆማቸው ተቆጣጣሪ አስቀድሞ የሚያነበው ይህንኑ ቁጥር ነው።

ያው ደንብ ከ4,536 ኪሎ ጀምሮ የሚመዝን ባለ ጎማም ሆነ ባለ ቼይን ማሽን ቢያንስ በአራት ማሰሪያ እንዲያዝ፣ የማሰሪያዎቹም ድምር አቅም ከማሽኑ ክብደት ግማሽ እንዳያንስ ያዛል። አንድ ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ግን አለ፤ ከሎቤዱ ቀለበት ተነሥቶ ማሽኑ ላይ የሚያልቅ ሰንሰለት በድምሩ ውስጥ የሚቆጠረው በአቅሙ ግማሽ ነው። ለ20 ቶኑ ኤክስካቫተር እናስላ። የሚያስፈልገው 10 ቶን ነው። ምልክት ያለው 13 ሚሊ ሜትር ሰንሰለት በግማሽ ሲቆጠር 2,565 ኪሎ ይሆናል፤ አራቱ 10,260 ይሰጣሉ፤ ለጥቂት አለፈ። ምልክት ባለው 10 ሚሊ ሜትር ከሆነ ሰባት ሰንሰለት ያስፈልጋል። ምልክት በሌለው 13 ሚሊ ሜትር ደግሞ አሥር። አሥር ሰንሰለት የሚያስር ሰው በመንገዳችን ላይ አላየሁም። ዲ8 ዶዘር ከ35 ቶን በላይ ነው፤ ለእሱ ምልክት ያለው 13 ሚሊ ሜትር እንኳ ሰባት ወይም ስምንት ይጠይቃል። ባልዲና ቡም ደግሞ የራሳቸው ተጨማሪ ሰንሰለት ይኖራቸዋል፤ ከእነዚህ ውስጥ አይቆጠርም።

እዚህ ላይ ባለቤቱ «ሰንሰለት ውድ ነው» ይላል። ውድ ነው። ዶዘሩን የገዛበትን ዋጋ ግን ማንም ረስቶለት አያውቅም፤ ራሱ በየቀኑ ያወራዋል።

ሰንሰለት የሚለካው በደካማው ቦታው ነው። ቀለበቱ 5 ቶን ቢይዝ፣ ማጥበቂያው 3 ቶን ከሆነ ሥራው 3 ቶን ነው። የሎቤዱ ማሰሪያ ቀለበት ብየዳው የተሰነጠቀ ከሆነ ከዚያም ያነሰ ነው። ሰንሰለት ሲበጠስ ቡሎን አስገብቶ በዳዶ መቀጠል በየጋራዡ የምታዩት ነው፤ ቡሎኑ ለመሳብ የተሠራ ሳይሆን ለማጣበቅ የተሠራ ነው፤ ሲታጠፍ ሳይነግራችሁ ይሄዳል። በኤሌክትሮድ መበየድ ደግሞ ከዚያ ይብሳል። የእነዚህ ሰንሰለቶች ጥንካሬ የመጣው በእሳት ታክመው ነው፤ የብየዳው ሙቀት ያንን ሕክምና ያጠፋዋል፤ ከውጭ ያምራል፣ ከውስጥ ተራ ብረት ሆኗል። ቋጠሮ አይታሰር። የተጎተተ፣ የተጣመመ፣ ውፍረቱ ከአሥር አንድ እጅ የተበላ ቀለበት ያለው ሰንሰለት ለማሰሪያነት አይውልም፤ ለበር ይሁን።

በማንሻ የሚጠብቀውን ማጥበቂያ በሚመለከት አቋሜ ግልጽ ነው፤ ብትተዉት ይሻላል። አልጠብቅ ሲል ቧንቧ ይሰኩበትና ሁለት ሰው ይንጠለጠልበታል። ሲፈታ ያ ማንሻ የያዘውን ኃይል ሁሉ ይዞ ይመለሳል፤ አገጭና ጥርስ ያለበት ከፍታ ላይ። ጥርስ ባለው፣ እየተሽከረከረ በሚጠብቀው ማጥበቂያ ብትቀይሩት ረዳቶቻችሁ ያመሰግኗችኋል። ማንሻው ብቻ ካላችሁ ከጎኑ ቁሙ፤ ከተቆለፈ በኋላም ማንሻውን በሽቦ እሰሩት።

የት ይያያዝ? ፋብሪካው ማሽኑ ላይ የመንጠቆ ሥዕል ያለበት ምልክት ለጥፏል፤ ጭቃውን ስትጠርጉት ይገኛል። የእጅ መያዣ፣ መወጣጫ ደረጃ፣ የሚያብረቀርቀው የሃይድሮሊክ ዘንግ ማሰሪያ አይደሉም። በዘንጉ ላይ ሰንሰለት አንዴ ቢፋቅበት ዘይት ማፍሰስ ይጀምራል፤ ከዚያ በኋላ ጥገናው የማን ነው የሚለው ክርክር ለወር ይቆያል።

አንግሉ ደግሞ ከሰንሰለቱ ቁጥር እኩል ይፈርዳል። ከወለሉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የቆመ ሰንሰለት ማሽኑን ወደ ታች ይጫነዋል እንጂ ወደ ፊት ሲሄድ አይይዘውም። ጋደል ብሎ፣ ከወለሉ ጋር ከ45 ዲግሪ በታች ሆኖ ይሳብ። ፍሬን ሲያዝ ሥራውን የሚሠሩት ወደ ኋላ የሚስቡት ናቸው፤ ዳገት ላይ ደግሞ ወደ ፊት የሚስቡት። ብዙ ሰው ፊቱን አጥብቆ ኋላውን ለወጉ ያስራል፤ የሚያስፈራውን ነገር በተቃራኒው አስቦታል። ለጎን እንቅስቃሴ ደግሞ ሰንሰለቶቹ ተመስቃቅለው ይለፉ።

ከመነሣታችሁ በፊት ሁለት ትንንሽ ነገሮች። ቁመቱን በሜትር ለኩ፤ ከምድር እስከ ቡሙ አናት፣ ከተጫነ በኋላ። አዲስ አበባ ውስጥ የቀላል ባቡሩ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለ፤ በየገጠር ከተማው ደግሞ ክረምቱ ምሰሶ አዘንብሎ ሽቦውን ዝቅ አድርጎታል። ሁለተኛ፣ ቱርቦ ያለው ማሽን የጭስ ማውጫው ይሸፈን። ነፋስ በጭስ ማውጫው ገብቶ ቱርቦውን ያሽከረክረዋል፤ ሞተሩ ስለጠፋ ዘይት አይደርሰውም፤ ከረጅም መንገድ በኋላ የተበላ ኩሽኔታ ታገኛላችሁ፤ ምክንያቱንም ማንም አያውቅላችሁም።

መንገዱን ለምሳሌ ወደ ጎጃም እናድርገው። ተነሥታችሁ ጥቂት መቶ ሜትር እንደሄዳችሁ ቁሙና ሁሉንም ሰንሰለት ዳግም አጥብቁ፤ ማሽኑ ተንቀጥቅጦ ይቀመጣል፣ ሰንሰለቱም ይላላል። የአሜሪካው ደንብ በመጀመሪያው 80 ኪሎ ሜትር ውስጥ አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በየ240 ኪሎ ሜትሩ ወይም በየሦስት ሰዓቱ እንዲታይ ይላል። ለእኛ መንገድ ይህ ያንሳል ባይ ነኝ። ሙከ ጡሪ ሳታልፉ አንድ ጊዜ፣ ጎሃ ጽዮን ላይ ደግሞ የግድ። ከጎሃ ጽዮን እስከ ደጀን ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ የዓባይ በረሃ ከ1,000 ሜትር በላይ ያወርዳችኋል፣ ከዚያ ያንኑ ያህል ያወጣችኋል። መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ከክረምት በኋላ ይበልጥ ይወዛወዛል፤ ሎቤዱም ወደ ጎን ይዘነብላል። በየ100 ሜትሩ 10 ሜትር በሚወርድ ቁልቁለት ላይ 20 ቶን ማሽን ፍሬን ሳይነካ እንኳ በ2 ቶን ኃይል ሳያቋርጥ ይገፋል። ላይ ሳላችሁ ከባድ ማርሽ ያዙ፤ መሐል ላይ ማርሽ ለመቀየር የፈለገ ሰው ፍሬኑ በጠሰ ይባልለታል። በደሴ መስመር የምትሄዱ ደግሞ ጣርማ በርን በጉም ውስጥ ከምታልፉት በፊት ሰንሰለቱን ብርሃን ባለበት እዩት።

ድንገተኛ ፍሬን በዚህ ወቅት የዕለት ጉዳይ ነው። በመስከረም ትምህርት ቤት ተከፍቷል፤ ልጆች በመንገድ ዳር ናቸው። ከብቱ ለምለም ሣር አይቶ አስፋልት ያቋርጣል። በኅዳር ነዶ የጫነ አህያ ይወጣል። ለጥጃ የያዛችሁት ፍሬን እና ለገደል የያዛችሁት ፍሬን ለሰንሰለቱ አንድ ናቸው።

አንድ ልማድ ግን ሳልናገር ብወርድ ይቆጨኛል። ኦፕሬተሩ በሎቤዱ ላይ፣ በማሽኑ ጋቢና ውስጥ ተኝቶ ይሄዳል። የመኪናው ጋቢና ጠቦ ይሆናል፣ ለዕቃው ጠባቂ ተፈልጎ ይሆናል። ማሽኑ ቢሸሽ አብሮ ይሸሻል፣ ቢገለበጥ ከሥሩ ይሆናል። ለዚህ የሚሆን ሰንሰለት አልተሠራም። የአውቶቡስ ቲኬት ይቆረጥለት።

ማሰሪያውን ማን ይመልከት የሚል ጥያቄ በጽሑፍ ደርሶኛል። መልሴ ሾፌሩ የሚል ነው። ረዳቱ ሊያስር ይችላል፣ ኦፕሬተሩ ሊያግዝ ይችላል፤ እያንዳንዱን መንጠቆ በእጁ ነክቶ የሚነሣው ግን ሾፌሩ ነው። ሾፌሩ «አልታሰረም፣ አልነሣም» ሲል ደግሞ ደውሎ የማይቆጣው ባለቤት ያስፈልገዋል፤ ይህ ደግሞ ከፊት ረድፍ የተቀመጣችሁትን ይመለከታል።

በመጨረሻ ስለ ማውረድ። ሳይት ሲደርስ ሁሉም ደክሟል፤ ሰንሰለት የሚፈታው ደግሞ ያኔ ነው። በመጀመሪያ ሎቤዱ ደልዳላ ቦታ መቆሙንና ማሽኑ በመንገድ ላይ ወደ አንድ ጎን አለመንሸራተቱን እዩ፤ ተንሸራቶ ከሆነ አንዱ ሰንሰለት እንደ ክር ተወጥሮ ይገኛል። እሱን መጨረሻ ላይ፣ ኦፕሬተሩ ማሽኑን በፍሬን ከያዘው በኋላ ፍቱት። የሚፈታው ሰው ማሽኑ ሊሸሽ በሚችልበት ጎን አይቁም። ከዚያ ሰንሰለቱን ጭቃ ላይ አትጣሉት፤ ተጠርጎ ሳጥን ውስጥ ይግባ። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኳቸውን ሁለት ሰንሰለቶች ቀርባችሁ አገላብጡ፤ ጥያቄም ካለ እዚያው እንነጋገር።